በእናትየው ጥያቄ

«ለሳምንት ጥበቃ ብለሽ የልጁን አንድ ዓመት ልትበዪ ነው?» አለ ሐይሰም። ከተነሡ ወዲህ ይህን ሲል ሦስተኛ ጊዜው ነው፤ በሦስተኛው ግን አልጮኸም። በመሥሪያ ቤቱ መስኮት ማዶ ቆመው ለሚያለቅሱ እናቶች በሚናገርበት በዚያ በለሰለሰ ድምፅ ነበር የተናገረው። ረድዋ ከጩኸቱ ይልቅ ይህን ድምፅ ትፈራዋለች። የጮኸ ሰው ይበርድለታል፤ ሐይሰም ሲለሰልስ ግን ፋይሉ ተዘግቷል ማለት ነው።

«ምጡ በራሱ ይምጣና እንሞክር ነው ያልኩት። እምቢ ካለ ያን ጊዜ ይቁረጡኝ፤ ማን ከለከለ?»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ሲመጣ ነዋ።»

«‹ሲመጣ› የሚባል ቀን ቅጹ ላይ የለም» አለና ዳቦውን ቆረሰ።

ቁርስ የሚበሉት እንደ ወትሮው ምድር ቤት፣ በእናቱ በሐጃ ኢንሺራሕ ሳሎን ነው። ባለ አራት ፎቁን ቤት ሟቹ አባት የሠሩት ለልጆቻቸው ነበር፤ በዚህ ቤት ወንድ ልጅ ሲያገባ አንድ ፎቅ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ከቤት አይወጣም። ረድዋና ሐይሰም ሦስተኛው ላይ ናቸው። ሳሎኑ ውስጥ ወርቃማ እግር ያላቸው ወንበሮች የተገዙበት ላስቲክ ሳይወልቅላቸው ዐሥራ አንድ ዓመት ተቀምጠዋል፤ በሙቀት ጊዜ የሰው ጭን ላይ ይጣበቃሉ፤ ሲነሡ እንደ ፕላስተር ይላቀቃሉ። በመስኮቱ በኩል ሽምብራ ከሚቆሉት ሰዎች ምድጃ ጭስ ይገባል። ታንታ ከተማ ውስጥ ይህ ጭስ የማይገባበት ቤት የለም። ሐጃ ኢንሺራሕ ፉሉን በሹካ ጀርባ እየደፈጠጡ፣ ጭናቸው ላይ ያስቀመጧትን የልጅ ልጃቸውን መለክን ያጎርሳሉ። መለክ ሦስት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ቀርቷታል። አያቷ ካላጎረሷት አትበላም፤ እናቷ ስታጎርሳት አፏን ትዘጋለች።

«ልጄ፣ ሐኪሟ ቀን ሰጠች» አሉ ሐጃ፣ ዓይናቸውን ከሳሕኑ ሳያነሡ። «ሐኪም ቀን ከሰጠች ሠርግ ማለት ነው። ሠርግ ደግሞ ሙሽራዋ አልተዘጋጀሁም ስላለች አይራዘምም።»

የተሰጠው ቀን ነገ ነው፤ ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር ሃያ ዘጠኝ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ልጁ በራሱ ጊዜ ይመጣል የተባለው ግን ኦክቶበር ስድስት ላይ ነበር። ነገሩን ሁሉ ያበላሸው በሁለቱ መካከል ያለው ኦክቶበር አንድ ነው። የትምህርት ቤት ዕድሜ የሚቆጠረው በዚያ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ የተወለደ ልጅ፣ በአንድ ቀንም ቢሆን፣ የሚቀጥለውን ዓመት ይጠብቃል። ሐይሰም ደግሞ የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የምዝገባ ሠራተኛ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ በየኦገስቱ በዚያ መስኮት ተቀምጦ አይቷል። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት፣ ልጇ በወረቀቱ ላይ ከተጻፈው በሁለት ቀን ቀድሞ መወለዱን የሚመሰክር ደብዳቤ ከአዋላጇ አጽፋ፣ ከሰፈሯ ሼክም አስፈርማ አምጥታ ነበር። ሐይሰም ደብዳቤውን አንብቦ መለሰላት። ማታ ቤት ሲመጣ ራት አልበላም። ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጁ በመስኮቱ ውጪ በኩል ካሉት እንዲሆን አይፈልግም፣ ይኸው ነው።

ረድዋ ይህን ሁሉ ታውቃለች። እርሷን የያዛት ሌላ ነው። መለክን የወለደች ቀን ለክትትል ብላ ነበር የሄደችው፤ የእንሽርት ውሃው አንሷል አሏት፣ እናያለን አሏት፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ጣራው ላይ ያለውን ክብ መብራት እያየች በማደንዘዣ ተኛች። የነቃችው ጨልሞ ነው። ያን ጊዜ ሕፃኗን ሐጃ ታቅፈዋታል፣ የባሏ ወንድሞች ታቅፈዋታል፣ ከታች ያለው ዘበኛ እንኳ ታቅፏት ሻይ ተቀብሏል። ሁለት ጊዜ በጡጦ ጠጥታለች። ስሟም ወጥቶ ነበር። ረድዋ ስድስት ወር ሙሉ በሆዷ ሳለች «ነዳ» በሚል ስም ስትጠራት የኖረችው ልጅ መለክ ተብላ፣ ታጥባና ተጠቅልላ፣ እንደ እንግዳ መጣችላት። «ማንን ትመስላለች?» ብለው ሲጠይቋት መጠቅለያውን ገልጣ ማየት ጀመረች። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አልተናገረችም፤ ምን ብላ ትናገር? ልጅቷ ጤነኛ ናት፣ እርሷም አልሞተችም። ለሁለተኛው ግን አንድ ነገር ለራሷ ምላለች፦ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው እኔ ነኝ።

«ዛሬ ደግሞ ወዴት ነው?» አሉ ሐጃ፣ መጎናጸፊያዋን ስታስተካክል አይተው።

«የድሮው ሆስፒታል፣ መለክን የወለድኩበት። ዶክተር ማግዳ የፊተኛውን የኦፕራሲዮን ወረቀት አምጪ ብለዋል። ማህፀኔ በየት በኩል እንደተቆረጠ ካዩ በምጥ መሞከር ይቻል እንደሆነ እንነጋገራለን ብለዋል።»

ሐይሰም ሻዩን አስቀመጠ። ወረቀት ሲባል ፊቱ ይቃናል። «ጥሩ» አለ። «ወረቀት አምጪ። ወረቀቱ ይቻላል ካለ እኔ አፌን እዘጋለሁ። ኦክቶበርም ይግባ።»

«እንዲህ ትላለህ?»

«ወረቀት ክጄ አውቃለሁ?»

ሐጃ ኢንሺራሕ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩት፤ ከዚያ ለመለክ ሌላ ጉርሻ አዘጋጁ።

ሆስፒታሉ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው። በማይክሮባስ ሦስት ፓውንድ ነው፤ ሾፌሩ ሆዷን አይቶ የፊተኛውን መቀመጫ አስለቀቀላትና የሁለት ሰው ሒሳብ ጠየቃት፤ ተሳፋሪው ሳቀ፤ እርሷም ሳቀች፣ ከፈለችም። መዝገብ ቤቱ ምድር ስር፣ ከልብስ ማጠቢያው ቀጥሎ ነው። ግድግዳው ከዚያ በሚመጣው እንፋሎት ላብ ያልበዋል፤ የበረኪናው ሽታ ዓይን ያቃጥላል። በመደርደሪያዎቹ መካከል አንድ ጠና ያሉ ሰው፣ የእጃቸው አንጓ ላይ ትንሽ መስቀል የተነቀሱ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሳንድዊች ይዘው ተቀምጠዋል። ጋሼ ፊክሪ ነበሩ። ላይ ያለችው ነርስ «ፊክሪ ካላገኙት የለም ማለት ነው» ብላ ነበር የላከቻት።

«የኦፕራሲዮኔን ወረቀት ፈልጌ ነበር ጋሼ። እንዴት እንደተቆረጥኩ የሚለውን።»

«ለፍርድ ቤት ነው?»

«ኧረ አይደለም፤ ለሐኪም።»

ጋሼ ፊክሪ ሳንድዊቹን ጠቀለሉት። «ልጄ፣ እዚህ ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጫለሁ፤ ሐኪም ይህን ወረቀት ጠይቆ አያውቅም። ከጠየቀሽ አታገኘውም ብሎ ነው።» ይህን ብለው ግን ተነሡ። ስሟን፣ የባሏን ስም፣ ወሩን ጠየቁ። ከአንዱ መደርደሪያ ወደ ሌላው እየሄዱ፣ በሲባጎ የታሰሩትን ጥራዞች በጉልበታቸው ደግፈው እያወረዱ፣ አንዳንዱን ገና ሳይፈቱ በጠረኑ የሚያውቁት ይመስል እየመለሱ ፈለጉላት። ወንበር አልነበረም፤ የታሰሩ ፋይሎች ላይ አስቀመጧት። «አይዞሽ፣ የዘጠና አራት ናቸው፤ የሚፈልጋቸው የለም» አሏት። አርባ አምስት ደቂቃ ያህል ሆነ። ረድዋ መቀመጫዋ ስር ስንት ሴት እንዳለች ታስባለች። ከዚያ ድምፃቸው ከወዲያ መጣ፦ «ረድዋ ዐብደልሐሚድ። አለሽ።»

ወረቀቱ አንድ ገጽ ነው። በአግድም ይላል፣ ከታች ይላል፣ ያለ ችግር ተጠናቋል ይላል። ማግዳ «እንዲህ የሚል ከሆነ ጥሩ ነው» ያሉት ቃል በሙሉ ተጽፏል። ረድዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ በሦስተኛው ከላይ ጀምራ ስታነብ፣ ከስሟ በታች ያለውን መስመር አየች። የቀዶ ጥገናው ምክንያት ይላል፤ ከፊት ለፊቱ በሰማያዊ ማህተም፦ በእናትየው ጥያቄ።

«ይሄ ምንድነው?»

ጋሼ ፊክሪ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ። «ማህተም ነዋ።»

«እኔ እኮ አልጠየቅሁም። ውሃው አንሷል ነው ያሉኝ። እንዲያውም እንጠብቅ ብያቸው ነበር።»

«ከላይ ተቆጣጣሪ ይመጣል» አሉ ሰውየው፣ በማያቻኩል ድምፅ፤ «ይህን ያህል ሴት ለምን ቆረጣችሁ ይላል። ምክንያት ከተጻፈ፣ ምክንያቱ ልክ ነው ወይ ብሎ ያጣራል። እናትየው ጠየቀች ከተባለ ግን ምን ይጠይቃል? ስለዚህ ማህተም አስቀረጹ። መጻፉ ቀረ፤ ነርሷም ተገላገለች።» ከመደርደሪያው እጃቸው የገባላቸውን ጥራዝ አወረዱና ገጹን በአውራ ጣታቸው ገለጡላት፤ ሰማያዊው ማህተም፣ ሌላ ገጽ፣ ሰማያዊው ማህተም። «ይኸው፣ ይቺም ጠይቃለች። ይቺም። ይቺ መንታ ናት፤ እሷም ጠይቃለች። እዚህ ክፍል ውስጥ ያልጠየቀች ሴት የለችም።»

«ሊስተካከል አይችልም?»

«ማን ይፈርምበታል?» አሉ። ከዚያ ፊቷን አይተው፣ ፎቶ ኮፒውን ያለ ክፍያ አነሡላት፤ ሳንድዊቻቸውንም ግማሹን ሊሰጧት ዘረጉ፤ እምቢ ስትላቸው «ለልጁ ነው እንጂ ላንቺ መቼ ሆነ» አሉና ከጋዜጣው ቀድደው ጠቅልለው ቦርሳዋ ላይ አስቀመጡላት።

ደረጃውን ስትወጣ፣ ዐሥረኛው ላይ ሆዷ ደነደነ። ወገቧ በሁለት በኩል በመዳፍ እንደተያዘ ሆነ፣ ቆየ፣ ለቀቀ። የደረጃውን መደገፊያ ብረት ይዛ ቆመች። ከመለክ ጊዜ ይህን አታውቀውም፤ መለክ ሳታመጥ ነው የመጣችው። ግን አላጠራጠራትም። በር ላይ ሳለች ሁለተኛው መጣ። ረድዋ የሚያልፈው ሰው እስኪያልፍ የማስታወቂያ ሰሌዳ የምታነብ መስላ ቆመች፤ ከዚያ ቦርሳዋ ውስጥ ያለውን ወረቀት ነካች። ማህተሙን እረሳለሁ አለች በልቧ፤ ዋናው ከታች ያለው ነው፤ በአግድም ይላል። እና ይሄው ደግሞ በራሱ እየመጣ ነው፤ ከኦክቶበር በፊት፣ ሁሉንም ሊያስታርቅ። ወደ ቤት ስትመለስ በማይክሮባሱ ውስጥ ብቻዋን ፈገግ ትል ነበር። ለማንም አትናገርም። ይህ ምጥ የእርሷ ነው፤ ከተናገረች በዚያች ደቂቃ የሁሉም ይሆናል።

ከቀትር በኋላ መለክ ስትተኛ ወጥ ቤቷ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ለእናቷ ደወለች። እናቷ ደሱቅ አጠገብ ባለች መንደር ናቸው፤ የአባቷ ግማሽ አካል ከደረቀ ወዲህ እናቷ ከአልጋው ራስጌ አልተነሡም።

«ነገ ልምጣ ብል አባትሽን ለማን ጥዬ?» አሉ እናትየው፣ ሰላም እንደተባባሉ።

«አውቃለሁ እማዬ፤ ይምጡ ብዬ አይደለም። በምጥ ልውለድ ብዬ እየተከራከርኩ ነው። እርስዎ ስድስታችንንም በቤት አይደል የወለዱን?»

ከበስተኋላ አባቷ ሲያስላቸው ተሰማት። «ሰባት ናችሁ» አሉ እናትየው። «አንዷን አላየሻትም። ደግሞ እኔ ቤት የወለድኩት ሐኪም ስላልነበረ ነው እንጂ ጀግና ሆኜ አይደለም። ያሉሽን አድርጊ ልጄ። የሰው ቤት ነሽ።» ሕመሙ የዚያን ጊዜ ያዛት፤ ስልኩን ከአፏ አርቃ፣ ግንባሯን ማቀዝቀዣው ላይ አድርጋ ተነፈሰች። «ሰማሽኝ?» ይላሉ እናቷ ከስልኩ ውስጥ። «ሰምቻለሁ» አለች ሲለቃት፤ «አባዬን ይሳሙልኝ።»

የዶክተር ማግዳ ክሊኒክ ማታ ነው የሚሠራው። ሐይሰም ከመሥሪያ ቤት ሲመለስ ሐጃም ልብሳቸውን ለብሰው ጠበቁት፤ መለክም ያለ አያቷ አትሆንምና አራት ሆነው ሄዱ። ማረፊያ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሴቶቹ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ተቀምጠዋል፤ ባሎቹ ደረጃው ላይ ያጨሳሉ። ተራ ቁጥራቸው ዐሥራ ሰባት ነበር። ከጎኗ ያለችው ወፍራም ሴት ዓይኗ ሆዷ ላይ ነው።

«ስንተኛሽ ነው እህቴ?»

«ሁለተኛዬ።»

«ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ቀላል ነው። እኔ አራተኛዬ ነው። ዚፕ ይግጠሙልኝ አልኳቸው።» ሴቶቹ ሳቁ።

«እኔ እንኳ በምጥ ልሞክር ብዬ ነው» አለች ረድዋ።

ሳቁ ተቋረጠ። «በምጥ?» አለች ወፍራሟ። «ምነው፣ ሜዳሊያ ይሰጣሉ እንዴ?»

«አጎቴ ቤት አህያ በምጥ ትወልዳለች» አለች ከማዶ ያለች አንዲት ቀጭን፤ እንደገና ተሳቀ። ሐጃ ኢንሺራሕም ሳቁ፤ ከዚያ የምራታቸው ጉልበት ላይ እጃቸውን ጣል አድርገው «ተዉዋት፣ ነርቨስ ሆና ነው» አሉ። እጃቸው ሞቃት ነበር። ረድዋ እጁ ላይ ያለውን የደም ሥር እያየች፣ በዚያው መሐል የመጣባትን ሕመም ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ አሳለፈችው። አሁን በየዐሥር ደቂቃው ሆኗል። ማንም አላየም።

ዶክተር ማግዳ ዐምሳ የዘለቁ፣ ዓይናቸው ስር የጠቆረ ሴት ናቸው። በሁለት በሽተኛ መሐል ብስኩት በሻይ እየነከሩ ነበር። ረድዋ ወረቀቱን ስታስቀምጥላቸው እጃቸው ከብስኩቱ ጋር አየር ላይ ቆመ። «አገኘሽው?» አሉ። ከዚያ አነበቡት። «ቁርጡ ጥሩ ነው» አሉ ለራሳቸው ያህል። ዓይናቸው ወደ ላይ ሄደ፣ ሰማያዊው ላይ ቆመ፤ ከሚገባው በላይ ቆየ። ረድዋ ያን ጊዜ ይህን ማህተም እንደሚያውቁት አወቀች። ሐኪሟ ግን ወረቀቱን ወደ ሐይሰም ገፋ አደረጉት። «በፊት ግን ራስሽ ጠይቀሽ ነው የተቆረጥሽው፤ ይላል።»

«አልጠየቅሁም ዶክተር። ማህተም ነው። ለሁሉም ይመቱታል፤ መዝገብ ቤት ያሉት ሰውዬ አሳይተውኛል።»

ሐይሰም ወረቀቱን አነሣ። ሥራው ነውና ወረቀት እንደ ሌላ ሰው አያነብም፤ መጀመሪያ ቀኑን፣ ቀጥሎ ማህተሙን፣ ቀጥሎ ፊርማውን ነው የሚያየው። ፊርማው ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«ይሄ የኔ ነው» አለ።

«ያንተ ነው» አለች ረድዋ። «አንተ ነህ የፈረምከው። እኔ ከውስጥ ነበርኩ። ስትፈርም አንብበኸው ነበር?»

የሐይሰም ጣት ከፊርማው ላይ አልተነሣም። ጆሮው ቀላ። ለአፍታ፣ ረድዋን ያየበት ዓይን ባለፈው ዓመት ራት ሳይበላ የተኛው ሰውዬ ዓይን ነበር፤ አንድ ቃል ሊናገር ነው ብላ ጠበቀች። ከዚያ ወረቀቱን በጥንቃቄ በነበረበት መታጠፊያ አጠፈው። «ወረቀቱ ላይ ያለው ይኼ ነው፣ ረድዋ» አለ፣ በለሰለሰው ድምፅ። «ያንጊዜ ፈልገሽ ነበር፤ አሁን ሐሳብሽን ለወጥሽ። ያለ ነገር ነው።»

«ሐይሰም፣ አብረኸኝ ነበርክ።»

«እኔ ኮሪደር ላይ ነበርኩ።»

ዶክተር ማግዳ ሻያቸውን ወደ ጎን አደረጉ። «ስሚኝ ልጄ» አሉ፣ በክፋትም አይደለም። «በመጽሐፍ ላይ አንቺ ልክ ነሽ፤ አልዋሽሽም። ግን ምጥ ዐሥራ አራት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ዐሥራ አራት ሰዓት ማን አጠገብሽ ይቀመጣል? እኔ ሦስት ክሊኒክ አለኝ። የማደንዘዣ ሐኪሙ ተጠርቶ ነው የሚመጣው፤ ደም ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣው። ጠባሳሽ ሌሊት ቢከፈት፣ መጽሐፉን አይደለም የሚጠይቁት፣ እኔን ነው። የባልሽ ወንድሞች በሬን ይሰብሩታል።»

«ሐቅ ነው፣ ይሰብሩታል» አሉ ሐጃ፣ እንደ ምስጋና።

«እሺ፣ አልጋው ላይ ውጪና ልይሽ» አሉ ሐኪሟ።

ከመጋረጃው ጀርባ እንደተጋደመች፣ የማግዳ መዳፍ ሆዷ ላይ እንዳረፈ፣ መጣ። ሊደበቅ የሚችል አልነበረም። መዳፉ አልተነሣም፤ ሐኪሟ ሰዓታቸውን እያዩ እስኪለቅ ጠበቁ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከቀትር።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

ረድዋ መጋረጃውን አየች። ማግዳ ጓንት አድርገው መረመሯት፤ ፊታቸው ላይ ለቅጽበት አንድ የተረሳ ነገር የታወሰ የሚመስል አለፈ። «ሦስት ጣት ተከፍቷል» አሉ በዝግታ። «በደንብ እየሄደ ነው።»

«እንግዲህ በራሱ እየመጣ ነዋ» አለች ረድዋ፣ በክርኗ ቀና ብላ። ድምፁ ከራሷ የወጣ አልመሰላትም፤ የልመና ድምፅ ነበር። «ለኦክቶበርም አልቆየም። ያሉት ሁሉ ሆኗል። በአግድም ነው፣ በራሱ ነው። ትንሽ ብቻ ይጠብቁልኝ፤ ሁለት ሰዓት።»

«በራሱ ስለመጣ እኮ ነው የማልጠብቀው» አሉ ዶክተሯ፣ ጓንቱን እያወለቁ። «ያለ ምጥ ብትሆኚ ነገ ዘጠኝ ሰዓት እንልሽ ነበር። ጠባሳ ላይ ምጥ ካለ አሁን ነው።» መጋረጃውን ገለጡት። «ሐጃ፣ እንኳን ደስ ያለዎት፤ ዛሬ ነው። ለነገ ቀን የያዝኩበት ሆስፒታል ጋ እደውላለሁ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ እዚያ ሁኑ።»

ሐጃ ኢንሺራሕ አምላካቸውን አመሰገኑ፣ መለክንም ሳሟት። ሐይሰም የመኪናውን ቁልፍ ፈልጎ ኪሱን ሁሉ ይዳብሳል። ረድዋ ጫማዋን ማድረግ ስላቃታት ነርሷ አደረገችላት።

«ዶክተር» አለች በሩ ላይ። «ከሆነ ይሁን። ግን አታስተኙኝ። ከወገብ በታች ብቻ ይሁን። ሲወጣ ልየው።»

«እሱ የማደንዘዣ ሐኪሙ ነገር ነው» አሉ ማግዳ። የሚቀጥለዋን ተረኛ ስም እያነበቡ ነበር። «ዛሬ ማን እንደሆነ አላውቅም። ለእሱ ንገሪው።»

ከማታው ሁለት ሰዓት ላይ ሆስፒታሉ ሁለተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ነበሩ። ረድዋን ከኋላ የሚታሰር አረንጓዴ ልብስ አልብሰዋት፣ ከግድግዳው ጋር በተያያዘ የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠዋታል። አሁን ሕመሙ ሲመጣ ወንበሩን በሁለት እጇ ትይዛለች፤ ሲለቅ በሩን ታያለች። ነርሷ ቅጽ ይዛ መጣች፤ ሐይሰም ተቀበላት። በዚህ ጊዜ አነበበው። ከላይ እስከ ታች፣ ጣቱን በየመስመሩ እየጎተተ፣ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አዘንብሎ አነበበው። ምክንያት የሚለው ቦታ ገና ባዶ ነበር። ሐይሰም ቀና ብሎ ሚስቱን አያት፤ ነርሷን አያት፤ ነርሷ እስክሪብቶውን በሁለት ጣቷ ታወዛውዛለች። ፈረመ።

«ማደንዘዣውን የሚሰጠው ማነው?» አለች ረድዋ።

«አላውቅም፤ ውስጥ ነው ያለው» አለች ነርሷ። «ትጠይቂዋለሽ።»

ከዚያ የሐይሰም ስልክ ጮኸ። ወንድሙ ነበር፤ ከታች ሆኖ የሐይሰም መኪና የሰው መኪና ዘግቷል ይላል። «ፍሬኑ አልተያዘም፣ ግፉት» ይላል ሐይሰም፤ «ወደ ፊት ግፉት እንጂ ወደ ኋላ አይደለም፣ ወደ ኋላ የሽምብራ ጋሪ አለ። የማነው መኪናው? ንገረው፣ ሰው እየወለደብን ነው በለው።» በኮሪደሩ ጫፍ ሐጃ ኢንሺራሕ መለክን ትከሻቸው ላይ አስተኝተው ከትልቋ ምራታቸው ጋር በስልክ ለአራሷ ስለሚሠራ ርግብ ይነጋገራሉ፤ ስድስት ርግብ ገዝታ አጥባ ታቆይ፣ ርግቡ የሚሞላበት ስንዴ ዛሬውኑ ይዘፍዘፍ፣ ሩዝ አይሆንም፣ ሩዝ ለአራስ አያጠግብም። «የማንን ርግብ?» ይላሉ፤ «የሱን አትግዢ፣ የሱ ከሲታ ነው።»

በሩ ተከፈተና አረንጓዴ የለበሰ ሰው «ረድዋ?» አለ። የማደንዘዣ ሐኪሙ ይሁን በረንዳ ጠራጊው አታውቅም። ተነሣች። ሌላው ሕመም እዚያው እንደቆመች መጣ፤ እስካሁን ከመጡት ሁሉ የበረታ ነበር፤ ግድግዳውን ይዛ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ልጁ ወደ ታች፣ ወደ ታች ሲገፋ ተሰማት። ሰውየው በሩን በእግሩ ደግፎ ጠበቃት። ሲለቃት ቀና ብላ ወደ ኮሪደሩ ዞረች። «ወደ ፊት አልኩህ እኮ» ይላል ሐይሰም፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ በመስኮቱ ወደ ታች አጎንብሶ። ሐጃ ደግሞ ነጻ በሆነው እጃቸው ጣታቸውን እያጠፉ ቅመም ይቆጥራሉ።

«ዶክተር» አለች ረድዋ ሰውየውን፣ ዶክተር ከሆነ ብላ፤ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር።»

«ውስጥ ትነግሪኛለሽ፤ ነይ» አለ።

ገባች። በሩ ሁለት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ተወዛውዞ ቆመ። ከሥር መኪናው ሲንቀሳቀስ ተሰማ፤ ሐይሰም «በቃ፣ በቃ፣ ወጣ» አለ፤ ሐጃ ኢንሺራሕም ትልቋን ምራታቸውን ቀረፋውን እንዳትረሳ በስልክ ነገሯት።